ፊላ የሚችለውና የማይችለው

ጀርመናዊቷ የዕፅዋት ተመራማሪ ኬቴ ዛይደል በ1950ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሐይቅ ዳር ተክል በቆሻሻ ውኃ ውስጥ ማብቀል ስትጀምር፣ ሙከራዋን ከቁም ነገር የቆጠሩት ባለሙያዎች ጥቂት ነበሩ። ተክሉ የጣና ታንኳ ከሚሠራበት ደንገል ጋር ይዛመዳል። ዛይደል መጀመሪያ ፌኖል ያለበትን የፋብሪካ ፍሳሽ፣ ቀጥላ የእንስሳት እርባታን፣ ኋላም የወተት ማቀነባበሪያን ፍሳሽ እያፈራረቀች ከሃያ ዓመት በላይ ሞከረች።

በእርግጥ የሚያጣራው ተክሉ ብቻውን አይደለም። ፊላም ሆነ ሸምበቆ ሥሩን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ መኖር የቻለው በግንዱ ክፍተት አየር ወደ ታች ስለሚያወርድ ነው። ከዚህ አየር ጥቂቱ ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል። ሥሩን ከበው የሰፈሩ ባክቴሪያዎችም በዚያ አየር አሞኒያውን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ አየር በማይደርስበት ጭቃ፣ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ናይትሮጅን ጋዝ አድርገው ይለቁታል። ተክሉ ቤት አከራይ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ሥራው የተከራዮቹ ነው።

ተከራዮቹ አቅማቸው የታየው በሰሜን ካሮላይና ነው። በዚህ የአሜሪካ ግዛት የአሳማው ቁጥር በአሥር ዓመት ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በታች ተነሥቶ በ1997 ወደ 10 ሚሊዮን ተጠጋ። ሽንቱና እዳሪው በውኃ እየታጠበ ክፍት ኩሬ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያ እርሻ ላይ ይረጫል። በጁን 1995 በኦንስሎ አውራጃ የአንድ እርባታ ኩሬ ግድብ ተደረመሰና 25 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ፍሳሽ አመለጠ። ፍሳሹ ኒው ሪቨር የተባለው ወንዝ ውስጥ ገብቶ ዓሣውን ፈጀው።

ጎረቤት በሆነው ዱፕሊን አውራጃ ተመራማሪዎች አስቀድመው 3.6 ሜትር ስፋትና 33.5 ሜትር ርዝመት ባላቸው ጠባብ መደቦች ላይ ፊላና ሌሎች የረግረግ ተክሎችን እየሞከሩ ነበር። የኩሬው ውኃ እንዳለ ቢለቀቅባቸው አሞኒያው ተክሎቹን ስለሚጎዳ በንጹሕ ውኃ መቅጠን ነበረበት። ጭነቱ ሲቀንስ ናይትሮጅኑ በደንብ ይወገዳል፤ ሲበዛ ግን ከሥሩ የሚሾልከው አየር አይበቃም። ፎስፈረስማ ወደ ጋዝ ስለማይለወጥ የሚቀረው እዚያው አፈሩ ውስጥ ነው፤ አፈሩም አንድ ቀን ይጠግባል። በ1997 በሰሜን አሜሪካ 68 ቦታዎች ያሉ እንዲህ ዓይነት ረግረጎች መረጃ ሲሰበሰብ፣ የናይትሮጅኑ መጠን በአማካይ የቀነሰው በ42 በመቶ ነበር። ቀላል አይደለም፤ ግን ውኃውን ወንዝ ውስጥ ለመልቀቅ አያበቃም። ግዛቱ በዚያው ዓመት አዲስ የአሳማ ኩሬ ቢከለክልም አሮጌዎቹ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው።

አየርላንድ ጉዳዩን በሌላ በኩል ያዘችው። በ1990ዎቹ፣ በዋተርፎርድ አውራጃ አን በተባለው ሸለቆ፣ የሥነ ምህዳር ባለሙያው ሮሪ ሃሪንግተን ገበሬዎችን አስተባብሮ ከግቢያቸው በታች ተከታታይ ጥልቀት የለሽ ኩሬዎች አስቆፈረ። ወደ ኩሬዎቹ የሚገባው የተጠራቀመ እዳሪ ሳይሆን የማለቢያ ቤትና የግቢ እጣቢ፣ ከዝናብ ጋር የተቀላቀለ ነበር። ተክሎቹም ስስ ውኃና ሰፊ መሬት ስላገኙ ሥራቸውን ሠሩ። መንግሥት በ2010 መመሪያ አወጣለት። በአገሪቱ ሕግ የግቢ እጣቢ የሚባለው ከ1 በመቶ ያልበለጠ ደረቅ ነገር ያለበት ውኃ ነው፤ ከዚያ የወፈረው እንደ ፍግ ተቆጥሮ በየወቅቱ ማሳ ላይ ይበተናል።