የግሸን መንገድና አንድ የምግባረ ሠናይ ማኅበር

የምግባረ ሠናይ ማኅበር እንዴት እንደሚያድግ የሚመረምር ሰው ብዙውን ጊዜ ከደንቡና ከሕንፃው ይጀምራል። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ከመንገድ ልንጀምር ወደድን።

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፤ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው አውራ ጎዳና በሚያልፍበት አገር ኀዘንተኛ ብቻውን አይቀመጥም። ክርስቲያኑ የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ አለው፤ ቅሬ ደግሞ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም በጉርብትና አስተባብሮ ሬሳ ያስቀብራል፤ ኀዘንተኛውንም ያጽናናል። ነገር ግን እነዚህ ማኅበሮች የቆሙት አንዱ ሲወድቅ ሌላው ቆሞ ይገኛል በማለት ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃብ በወሎ ላይ በጸና ጊዜ ሰጪውም ተቀባዩም አብረው ወደቁ፤ የተራበውም ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ወደ ጎዳናው ወረደ። የጠፋው ፍቅር አልነበረም፤ የሚያዋጣ ጎረቤት ነው እንጂ።

ታዲያ ጎረቤት ሁሉ በተቸገረ ጊዜ ጎረቤት ከወዴት ይመጣል? ለዚህ ጥያቄ የወይዘሮ አበበች ጎበናን ታሪክ ምስክር እናደርጋለን።

ወይዘሮ አበበች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው በአምባሰል የምትገኘውን ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄዱ። ወሎ ዳግመኛ ተርቦ ነበርና በአንድ የርዳታ ጣቢያ እናቷ የሞተችባትን ሕፃን አዩ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና አምስት ሊትር ጠበል ብቻ ቢሆንም እርሱኑ ለተራቡት አካፈሉ። ሕፃኒቱንና ሌላ ወላጆቹን ያጣ ልጅም ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባለቤታቸው ከትዳሩና ከልጆቹ አንዱን እንዲመርጡ ቢጠይቋቸው ልጆቹን መርጠው ከቤታቸው ወጡ፤ እንጀራና ቆሎ እየሸጡም አሳደጓቸው። ይህ ቤት ውሎ አድሮ የአበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ተባለ፤ ሥራውም ከማሳደጊያነት አልፎ ወደ ትምህርትና ችግረኛ እናቶችን ወደ መርዳት ሰፋ። ወይዘሮ አበበች በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ የዕድገቱን ቅደም ተከተል እናስተውል፤ አስቀድሞ ስንቅ፤ ቀጥሎ ትዳር፤ ከዚያም ጉልበት ተከፈለ፤ ደንቡ የመጣው በመጨረሻ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ከብዙ ሕፃናት መካከል ከረኃቡ የወጡት ሁለት ብቻ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። መንገደኛ እስኪያልፍ መጠበቅ የአንድ አገር መድን ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የወልድያና የሀብሩ ቅሬዎችና ማኅበሮች ዝናም ከማይጎድልበት አገር ማኅበሮች ጋር በጥጋብ ዘመን ሳሉ ቢወዳጁ መልካም ነው እንላለን።