ተኩላ አጽም ሲነክስ

እ.ኤ.አ. በ1974 መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ሌክ ጄኔቫ ከምትባል ትንሽ ከተማ የወጣው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ስለ ቁስል ዓይነት ብዙም አይጨነቅም ነበር። ጨዋታው ጠረጴዛ ከብበው የሚጫወቱት ነው። አንዱ የጨዋታው መሪ፣ ማለትም ተራኪም ዳኛም ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይዘው የሚያደርገውን በቃል ይናገራሉ፤ የድርጊቱን ውጤት ዳይስ ይወስናል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ባወጡት በዚያ የመጀመሪያ ደንብ ጩቤ ቢወጋ፣ መጥረቢያ ቢፈልጥ፣ ተኩላ ቢነክስ ጉዳቱ አንድ ነው፤ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ተጥሎ የወጣው ቁጥር። ከዚህ በላይ የሚመቱት እንደ ግዙፋን ሰዎች ያሉ ጥቂት ፍጡራን ብቻ ነበሩ።

ይህ እኩልነት አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። በ1975 የታተመው «ግሬይሆክ» የተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ለየመሣሪያው የራሱን ዳይስ ሰጠ፤ አውሬዎችም በጥፍርና በጥርስ ለየብቻ እንዲመቱ አደረገ። ጋይጋክስ በ1977 ያሳተመው የአውሬዎች መጽሐፍ፣ «መንስተር ማንዋል»፣ አንበሳን በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ እንዲያጠቃ ፈቀደለት፤ ሁለቱ መዳፎች እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 4፣ ንክሻው ከ1 እስከ 10። ከዚያ በኋላ አንበሳን የገጠመ ተጫዋች ከጥፍሩ ይልቅ አፉን መፍራት ነበረበት።

ጣጣው ያለው ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ተነሥተው የሚዋጉት አጽሞች ከስለታም መሣሪያ የሚደርስባቸው ጉዳት በግማሽ እንዲቀንስ ተደንግጓል። ነገሩ ትክክል ነው፤ ሥጋ የሌለውን ሰይፍ ምን ያደርገዋል? ታዲያ የጀግናው ተኩላ አጽሙን ቢነክስስ? ጥርስ ከስለት ይቆጠራል ወይስ ከዱላ? ፍርዱ ለጨዋታው መሪ የተተወ ነበር። በ1989 የወጣው ሁለተኛው እትም የመሣሪያዎቹን ሰንጠረዥ በሦስት ከፍሎ ሰይፉን ቆራጭ፣ ጦሩን ወጊ፣ ዱላውን ቀጥቃጭ አለው።

ለጥርስ የተሟላ መልስ የሰጠው በ2003 የታረመው ሦስተኛው እትም ነው፤ መልሱም እስከ ዛሬ ከተሰጡት ሁሉ የተሻለው ነው። ንክሻ በአንድ ጊዜ ወጊም፣ ቆራጭም፣ ቀጥቃጭም ነው አለ። አፍን ልብ ብሎ ላየ ሰው እውነትነቱ ግልጽ ነው፤ ክራንቻ ይወጋል፣ የጎን ጥርስ ይቆርጣል፣ መንጋጋ ይጨፈልቃል። በጨዋታው ላይም ትልቅ ለውጥ አመጣ። በዚያ እትም አጽም ከቀጥቃጭ መሣሪያ በቀር ከሚመታው ሁሉ 5 ነጥብ ይቀንስለታል፤ ዞምቢ የተባለው ተንቀሳቃሽ ሬሳ ደግሞ ከቆራጭ በቀር። ባለሰይፉ ከአጽሙ ፊት፣ ባለዱላው ከዞምቢው ፊት ሲቸገሩ ተኩላው ሁለቱንም ያለ ቅናሽ ይነክሳል። በ2009 የወጣው «ፓዝፋይንደር» የተባለው ጨዋታም ይህንኑ ሦስትነት ወርሷል።

አራተኛው እትም በ2008 ሦስቱንም ስሞች ሰረዛቸው። በ2014 አምስተኛው እትም መለሳቸው፤ የጉዳት ዓይነቶችም በጠቅላላው 13 ሆኑ። ንክሻ ግን ሦስቱን ባሕርዮቹን አላገኘም። በ2014ቱ ደንብ ተኩላም፣ አዞም፣ ቀይ ዘንዶም ሲነክሱ ወጊ ናቸው፤ በዘንዶው ንክሻ ላይ የእሳት ጉዳት ይጨመርበታል እንጂ።

በአምስተኛው እትም መርዝ ከጥርሱ ተለይቶ መቆጠሩ ግን በጎ ነገር ነው። በ1977ቱ መጽሐፍ ግዙፍ ሸረሪት የነከሰችው ጀግና መርዙን ለመቋቋም ዳይስ ይጥላል፤ ካልቀናው ይሞታል፣ በቃ። በ2014 ጥርሷ የወጊ ጉዳት፣ መርዟ ደግሞ ሁለት ባለ 8 ገጽ ዳይስ የመርዝ ጉዳት ያደርሳል፤ የተቋቋመው ሰው ግማሹን ብቻ ይቀበላል። ወራት የደከሙበት ገጸ ባሕርይ በአንድ ዳይስ መጥፋቱ ቀረ።

ንክሻን ሁሉ ወጊ የማድረጉ ልማድ የት እንደሚሰናከል ለማየት ጅብን መመልከት ይበቃል። ሐረር ላይ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ያየ ሰው ያ መንጋጋ አጥንት እንዴት እንደሚቆረጥም ያውቃል። በአምስተኛው እትም የጅብ ንክሻ አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ፣ ያውም ወጊ ነው። በአንጻሩ የግመል ንክሻ እዚያው እትም ውስጥ ቀጥቃጭ ተብሏል። ስለዚህ አዘጋጆቹ ሲፈልጉ የእንስሳውን አፍ ማየት አላቃታቸውም።

ከሁሉ የሚያስቆጨው «ሊውክሮታ» የተባለው አውሬ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ79 ዓ.ም. የሞተው ሮማዊው ፕሊኒ በ«የተፈጥሮ ታሪክ» 8ኛ መጽሐፉ የኢትዮጵያን አራዊት ሲዘረዝር ጠቅሶታል፤ በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ሲባል ከግብጽ በስተደቡብ ያለው ሰፊ ምድር ነበር። አፉ እስከ ጆሮው የተሰነጠቀ፣ በጥርስ ፋንታ አንድ ወጥ የአጥንት ድድ ያለው ፈጣን አውሬ አድርጎ ይገልጸዋል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያገኘውን ማንኛውንም ነገር በጥርሱ የሚሰባብር «ክሮኮታ» የሚባል አውሬም አለ፤ ለዝንጉርጉሩ ጅብ ሳይንሳዊ ስም ያወረሰው እሱ ነው። ጋይጋክስ በ1977 ሊውክሮታን ከነአጥንት ድዱ ወደ መጽሐፉ አስገባው፤ ንክሻውንም ከ3 እስከ 18 አደረሰው። በ2016 «ቮሎስ ጋይድ ቱ መንስተርስ» በተባለው የአምስተኛው እትም መጽሐፍ ሲመለስ ግን የንክሻው ጉዳት ወጊ ተባለ። የሚወጋበት ሹል ጥርስ ግን በጥንቱ ገለጻ ፈጽሞ የለውም። በዚህ እትም ደንብ አጽም ከቀጥቃጭ ምት እጥፍ ይጎዳል፤ በንክሻዋ እጥፉን የምታገኘው ግን ግመል ናት፣ ለአጥንት ሰባሪው ሊውክሮታ ንክሻ አይታሰብለትም። አንድ የጨዋታ መሪ ይህን በራሱ ጠረጴዛ ላይ ለማቃናት ከአውሬው ገጽ ላይ «ወጊ» የሚለውን ሰርዞ «ቀጥቃጭ» ብሎ መጻፍ ብቻ ይበቃዋል።