እንደ ሕሙሙ አቅም
(የዮጋ ፈውስ ከማይሶር ቤተ መንግሥት እስከ ማድራስ)

ዮጋ የተባለው የሕንድ ጥበብ ሥጋንና ኅሊናን በእስትንፋስ አማካይነት አስማምቶ ለመግዛት የተሠራ ጥንታዊ ሥርዓት ሲሆን፥ ሊቁ ፓታንጃሊ በሳንስክሪት ቋንቋ በአጫጭር አንቀጽ ከደነገገው ወዲህ ለብዙ ዘመን ያገለገለው በአመዛኙ መናንያንንና ተመስጦ ፈላጊዎችን ነበር። ለድውያን ፈውስ ይሆን ዘንድ ራሱን የቻለ ጥናት የተደረገበት ግን በቅርብ ጊዜ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918 ሽሪ ዮጌንድራ በቦምቤ፥ በ1924ም ስዋሚ ኩቫላያናንዳ በሎናቭላ የየራሳቸውን ተቋም ካቆሙ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ፈውስ ለእያንዳንዱ ሰው ተለክቶ የሚሰጥ ለመሆን እንዴት እንደ በቃ የሚያስረዳን የአንድ መምህር ረጅም ዕድሜ ነው።

ቲሩማላይ ክሪሽናማቻርያ በ1888 በማይሶር መንግሥት ግዛት ተወልዶ ሳንስክሪትንና ቅዱሳት መጻሕፍትን፥ የአገሩንም ጥንታዊ ሕክምና አዩርቬዳን ጠንቅቆ የተማረ ብራህማን ነበር። የማይሶሩ ንጉሥ ክሪሽናራጃ ዋዲያር አራተኛ በ1930ዎቹ ዓመታት በጃጋንሞሃን ቤተ መንግሥት ውስጥ የዮጋ ትምህርት ቤት ከፍቶ በሰጠው ጊዜ፥ ደቀ መዛሙርቱ ጉልበታቸው ያልተነካ ወጣቶች ነበሩና ትምህርቱ ብርቱ፥ ተግሣጹም የሚያስፈራ ነበር። በዚያ ወራት ወባ፥ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ ያመነመኑት የሚስቱ ወንድም አየንጋር መጥቶ ተማረ፤ በ1937ም ኢንድራ ዴቪ የተባለች በሪጋ የተወለደች ሴት፥ መምህሩ መጀመሪያ አልቀበልም ቢላትም፥ በንጉሡ ፈቃድ ገብታ ተማረች።

ንጉሡ በ1940 ዐረፈ። ሕንድም ነፃነቷን አግኝታ የመሳፍንቱ መንግሥታት ከቀሩ በኋላ ትምህርት ቤቱ በ1950 ስለ ተዘጋ፥ ከ60 ዓመት በላይ የሆነው መምህር ቤተ ሰቡን ይዞ ኑሮውን እንደ አዲስ ይጀምር ዘንድ ግድ ሆነበት። በ1952 ወደ ማድራስ የጠራው ሰው በደም ሥር በሽታ አካሉ የተያዘ አንድ የሕግ ዐዋቂ ነበር። ለወጣት ሰልፍ ይሰጥ የነበረው ትእዛዝ ክንዱን ለማንሣት ለማይችል ሕሙም ምን ይጠቅመዋል? እንግዲህ ጥበቡ መልኩን የለወጠው በዚህ ጊዜ ነው።

በማድራስ መምህሩ አንዱን ሕሙም ለብቻው ተቀብሎ፥ የእጁን የደም ትርታ ዳስሶ፥ ዕድሜውን፥ ሥራውን፥ ምግቡንና እንቅልፉን ጠይቆ፥ ከሁሉ አስቀድሞም አተነፋፈሱን ተመልክቶ ልምምዱን ያዝዝለት ነበር። አንዱ ቆሞ፥ ሌላው በወንበር ተቀምጦ፥ ሦስተኛው በጀርባው ተኝቶ፥ አየር ሲስብ ክንዱን ያነሣል፥ ሲያስወጣ ያወርዳል፤ እስትንፋሱ የተቆራረጠበት እንደ ሆነ ልምምዱ ከአቅሙ በላይ መሆኑ ታውቆ ይቀነስለታል። በእኛ ዘንድ የነፍስ አባት ለተነሳሒው ልጃቸው ቀኖናውን እንደ ጉልበቱ መጠን እንደሚሰጡ ሁሉ፥ እርሱም ልምምዱን የሚሰፍረው በሰውየው ልክ ነበር።

ልጁ ዴሲካቻር ምሕንድስና የተማረ ወጣት ስለ ነበረ የአባቱን ጥበብ እንደ ተራ ነገር ይቆጥረው ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገደማ አንድ ቀን ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ፥ አንዲት የባዕድ አገር ሴት ከመኪና ወርዳ አባቱን እየተጣራች ሮጣ ሄዳ ብታቅፈው፥ ሥርዐት አጥባቂው ብራህማን በባዕድ ሴት ሲታቀፍ አይቶ እጅግ ደነገጠ። ምክንያቱን ቢጠይቅ፥ ሴቲቱ እንቅልፍ አጥታ ስትሠቃይ ከኖረች በኋላ በአባቱ እርዳታ ባለፈችው ሌሊት ያለ መድኃኒት መተኛቷን ሰማ። ከዚያ ወዲያ ምሕንድስናውን ትቶ ከአባቱ እግር ሥር ተቀመጠ፤ በ1976ም የዮጋ ፈውስ የሚሰጥበትን ተቋም በማድራስ በአባቱ ስም አቆመ።

አየንጋር በፑና ከተማ ሕሙማንን በገመድ፥ በቀበቶና በእንጨት እየደገፈ ሲያክም፥ ዴሲካቻር ግን እስትንፋስን መሠረት ማድረጉን የሚያይ ሰው፥ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ መቅዳታቸውን ይጠራጠር ይሆናል። ነገር ግን የደቀ መዛሙርቱ መለያየት መምህሩ ለእያንዳንዱ በዘመኑና በአቅሙ ልክ ማስተማሩን ይመሰክራል እንጂ አይነቅፈውም። ዛሬ በሰፊ አዳራሽ ሽማግሌውንም ጎረምሳውንም በአንድ ትእዛዝ የሚያጎነብሱ አስተማሪዎች ይህን ታሪክ ቢያጤኑት ምንኛ መልካም ነበር! ዮጋ ሐኪምን የሚተካ አይደለም፤ የሕሙሙን አቅም ሳያዩ የሚሰጡት ልምምድም ጉዳት ያስከትላል።

ክሪሽናማቻርያ በ96 ዓመቱ ወድቆ የዳሌ አጥንቱ በተሰበረ ጊዜ፥ በጎልማሳነቱ በንጉሥ ፊት ያሳየውን ብርቱ ትርኢት አልተመኘም፤ በአልጋው ላይ እንደ ተኛ ለተሰበረ ሽማግሌ የሚስማማ ጥቂት ልምምድ አበጅቶ ለራሱ አዘዘ፤ በ1989 በ100 ዓመቱ እስኪያርፍም ድረስ ማስተማሩን አላቋረጠም።