ምጽዋ በእግር፦ ከየብስ እስከ አሮጌው ከተማ

ደሴት ላይ ያለችው ምጽዋ እስከ 1870ዎቹ ድረስ በእግር የሚገባባት ከተማ አልነበረችም። ከደጋ የመጣ ነጋዴ ጭነቱን ባሕሩ ዳር አራግፎ ጀልባ መጠበቅ ነበረበት። የመጠጥ ውኃ ሳይቀር ከየብስ ይሻገር ነበር። ይህን የለወጠው ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነው። በ1870ዎቹ ለግብጽ መንግሥት አድሮ ከተማዋን ሲገዛ፣ ባሕሩን በድንጋይ አስሞልቶ ሁለት መንገዶች አሠራ፤ አንዱን ከየብስ እስከ ጥዋለት ደሴት፣ ሌላውን ከጥዋለት እስከ አሮጌው ከተማ። ሙንዚንገር በ1875 (እ.ኤ.አ.) አውሳ ላይ ከአፋሮች ጋር ሲዋጋ ተገደለ። ሰው ግን እስከ ዛሬ የሚገባው በእሱ መንገድ ነው።

በዚህ በኩል የሚመጣ እግረኛ ታሪኩን ከቅርቡ ወደ ሩቁ ያገኘዋል። ጥዋለት ላይ ቀድመው የሚታዩት በጥቁር እምነበረድ መደብ ላይ የቆሙ ሦስት ታንኮች ናቸው፤ ሻዕቢያ በ1990 ከተማዋን ከደርግ ጦር የያዘበት ውጊያ መታሰቢያ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ያርፉበት የነበረው ቤተ መንግሥትም በዚያው ውጊያ ጉልላቱ ተፈረካክሷል።

ሁለተኛው መንገድ ሲያልቅ ከተማዋ ሌላ መልክ ትይዛለች።

እዚህ ቤት ይሠራ የነበረው ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ቀላልና ባለ ቀዳዳ ስለሆነ ለመጥረብ ይመቻል፤ ሲቃጠል ደግሞ ኖራ ይወጣዋል። ምድር ቤቱ ሱቅ ወይም መጋዘን፣ ፎቁ መኖሪያ ነው። ከፎቁ ወደ መንገዱ ወጣ ያለው የእንጨት ሰገነት በጥልፍልፍ ሥራ የተሸፈነ ነው፤ ነፋስ ያስገባል፣ ፀሐይ ይከለክላል፣ ውስጥ ያለችውን ሴት ሳያሳይ መንገዱን ያሳያታል። የ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙውን ቤት አፍርሶ ነበር።

ቱርኮች በ1557 የያዟት ይህች ደሴት ለኢትዮጵያ ነገሥታት የጨርቅና የጠመንጃ በር ነበረች። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በሰኔ 1884 ከእንግሊዝና ከግብጽ ጋር በዐድዋ ሲዋዋሉ፣ ዕቃቸውና መሣሪያቸው በምጽዋ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተፈቀደላቸው። ከስምንት ወር በኋላ ጣሊያን ወታደሮቹን ወደቡ ላይ አወረደ፤ እንግሊዝም አልተቃወመችም።

በጠባቦቹ መንገዶች መካከል ከ500 ዓመት በላይ የሆነው የሼህ ሐነፊ መስጊድ አለ። ውስጡ የተንጠለጠለው የመስታወት መብራት በቬኒስ አጠገብ ባለችው ሙራኖ የተሠራ ነው። ሙቀቱ ሲበርድ መንገዱ በሰው ይሞላል። ምግብ ቤቶቹም ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው በርበሬ ይቀቡና፣ እንደ ባሕር ማዶዎቹ የመናውያን በሸክላ ምድጃ ጠብሰው ከትኩስ ቂጣ ጋር ያቀርባሉ።