«ዝም አሰኙት» የተባለው ልጅ

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ አንድ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ከእናቱ ጋር አጠገቤ ቆሞ ነበር። ተሰጥኦውን ይከተላል። ሕዝቡ ሲጨርስ እሱ ገና መሃሉ ላይ ነው፤ ድምፁ ደግሞ አይጣል ነው! ከኋላችን አንድ ሰውዬ «ዝም አሰኙት እንጂ» አሉ። እናቱ ደንግጣ በነጠላዋ ጫፍ አፉን ያዝ አደረገችው። ልጁ ከዚያ በኋላ አልዘመረም፤ እስኪያልቅ ድረስ ጣራውን ሲያይ ቆየ። እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ያስተማርኳችሁ መቼም ታውቁኛላችሁ፣ ነገር ሲከነክነኝ ታሪክ ነው የማወራው።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ስናነሣ ቶሎ ወደ ትሏ እንሮጣለን። ዛፍ ላይ ልትወጣ ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ የተሳካላት ትል። እኔን የሚገርመኝ ከትሏ በፊት ያለው ነው። የዜማችን አባት በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት በመምህሩ በአባ ጌዴዎን ተገርፎ የሸሸ ልጅ ነው። ያን ጊዜ «ይኼስ አይሆንለትም» ተብሎ ቢቀር ኖሮስ?

ያሬድ የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው። የዜማውን ምልክት አደራጁ የሚባሉት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ነው የምናገኛቸው፤ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። እንግዲህ አስሉት፣ መሃሉ 1000 ዓመት ገደማ ነው። ቃሉ ብራና ላይ ይጻፋል፤ ዜማው ግን የተቀመጠው ጆሮ ውስጥ ነው። ያ ጆሮ ደግሞ የልጅ ጆሮ ነው። ማታ መብራት በሌለበት የኔታ ይላሉ፣ ልጆቹ ተቀብለው ይላሉ፤ የተሳሳተው ይታረማል፣ ትልቁ ለትንሹ ያስጠናል። ማንም ልጅ መጀመሪያውኑ አስተካክሎ አላለም።

አሁን ደግሞ የምወደው ታሪክ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ከመጡት መልእክተኞች ጋር አገራችን ገብቶ ስድስት ዓመት ቆየ። አንድ ቀን አቡነ ማርቆስ ዲያቆናት ሲሾሙ አየ። ከተሿሚዎቹ መካከል ገና አፍ ያልፈቱ፣ በሰው እቅፍ የመጡ ሕፃናት ነበሩበት! ለቅሶው ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው፤ አልቫሬዝ የፍየል ግልገሎች ጩኸት መሰለው። ነገሩ አልጣመውምና ጠየቀ። የአቡኑ መልስ ቀላል ነበር፦ ሲያድጉ ይማራሉ፤ እኔ አርጅቻለሁ፣ ሌላ ጳጳስ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ጳጳስ ከግብፅ ነበር የሚመጣው፤ ከእሳቸው በፊት አገሪቱ ለረጅም ዓመታት ያለ ጳጳስ ቆይታ ነበር።

እኔም ብሆን ሕፃን ይሾም አልልም። ግን ዘመኑን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የልብነ ድንግል ጦር በአሕመድ ግራኝ ተሸነፈ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ካህናት አለቁ። ገላውዴዎስ ሲነግሥ፣ በ1540፣ እነዚያ የሚያለቅሱ ሕፃናት በሕይወት ከተረፉ የሃያ ዓመት አካባቢ ጎረምሶች ናቸው። ዜማው በምልክት ይያዝ የተባለውም በእነሱ ዕድሜ ነው። በዚያ ሰዓት የቀረው በጆሮው የያዘው ነው።

እርግጥ የድሮው ሥርዓት ጉድለት ነበረበት። የዜማ ቤቱ በር በአብዛኛው ለወንድ ልጅ ነበር የተከፈተው። የሴት ልጆችን ድምፅ በስፋት ወደ ዐውደ ምሕረቱ ያመጣው የሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ ከግእዙ ጎን በአማርኛ እየዘመረ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ እሑድ ጠዋት እየተጠራብን እንኳ ከሰዓት መዝሙር ጥናቱ አልቀረም። እኔ ድምፄ አያምርም (ክፍል ውስጥ የሰማችሁኝ ምስክር ናችሁ)፣ ግን ማንም ውጣ አላለኝም። ዛሬ ከበሮ ሲመታ ቀድሞ የሚያጨበጭበው እጄ የዚያን ጊዜ ነው።

የሚሮጥና የሚረብሽ ልጅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ወጣ አድርጎ አጫውቶ መመለስ ነው። የሚዘምር ልጅ ግን እየረበሸ አይደለም፣ ትንሽ ዘገየ እንጂ።

ነገ እዚያው ቦታ እቆማለሁ። ልጁ ከመጣ እኔም ከሕዝቡ አንድ ቃል ዘግየት ብዬ ከእሱ ጋር እጨርሳለሁ። ሰውዬው ከፈለጉ ሁለታችንንም ዝም ያሰኙን።