ከመስታወቱ ጥግ የተጻፈው

እስቲ ጠጋ በሉና የአንዲት ነጭ ቪትዝ ጉድ ላውጋችሁ። ባለቤቷ መምህርት ናት፤ በሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ነው የምትባለው። ታኅሣሥ ነው፣ ማለዳ። ቲቸር ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ ስትመጣ ከፊቷ ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ይሄዳል። ሸራ አልለበሰም። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ባቄላ የምታህል ጠጠር ተስፈንጥራ መጣችና ጧ! የፊት መስታወቱ ላይ ኮከብ ሠራች። ሲኖትራኩ ምኑም አልሆነ፤ መንገዱን ቀጠለ። ቲቸርም ቀጠለች፤ ማንን ትያዝ?

ያን ዕለት ብታሳየው ኖሮ አፈርና ውሃ ሳይገባበት ፈሳሽ ማጣበቂያ ሞልተው በትንሽ ብር ይገላግሏት ነበር። ግን የፈተና ሰሞን ነው፣ እርማቱ ተከምሯል። የታኅሣሥን ውርጭ ደግሞ ታውቁታላችሁ። መስታወቱ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያድራል፤ ጠዋት እሷ ማሞቂያውን ወደ መስታወቱ ትለቀዋለች። በውስጥ እየሞቀ በውጭ የቀዘቀዘ መስታወት ደግሞ የሚሸሽበት ስለሌለው በቆሰለው ቦታው ይሰነጠቃል። አንድ ሐሙስ ጠዋት ስንጥቁ ከመሪው ፊት ተነሥቶ እስከ ጋቢናው ማዶ ተሻገረ።

ኢንሹራንሱስ ትሉኝ ይሆናል። ያላት ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። እሱ እናንተ በሌላው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት ነው እንጂ ለራሳችሁ መስታወት ሰባራ ሳንቲም አያወጣም።

እንግዲህ ወዴት ይኬዳል? መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነዋ! ቲቸር ገና መኪናዋን ሳታቆም ደላሎች መስኮቷን ከበቡት። «እህቴ፣ የቪትዝ ነው? ኦርጂናል አለ፣ ኮፒ አለ፣ የተፈታም አለ!» አንዱ ሮጦ ሄዶ ከባልደረባው ጋር መስታወት ተሸክሞላት መጣ። አሁን ልብ በሉ፤ «የቪትዝ» ብሎ ነገር የለም። የመጀመሪያዋ ቪትዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ወጣች፣ በ2005 ሁለተኛዋ ተተካች፣ በ2010 መጨረሻ ሦስተኛዋ መጣች፤ የአንዷ መስታወት ለሌላዋ አይገጥምም። ይኼ የተሸከመው የመጀመሪያዋን ነው፤ የእሷ መኪና ሁለተኛዋ ናት። ብትነግረው «ችግር የለም፣ ጠርዙን ሞረድ እናደርገዋለን» አላት። የፊት መስታወት ሊሞርድ! ሲናገር ደግሞ ፈገግ እንኳ አላለም።

በመጨረሻ አንድ የትምህርት ቤቷ ሾፌር የጠቆማት ሽማግሌ ገጣሚ ዘንድ ደረሰች። ሰውየው ዋጋ አልጠሩም። «ልጄ፣ መጀመሪያ ሊብሬሽን አምጪ» አሉና የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናዋ ጋር አመሳከሩ። ከዚያ የተሰነጠቀው መስታወት ታችኛው ጥግ ላይ ጣታቸውን አኖሩ።

«እስቲ ይችን አንብቢልኝ።»

ቲቸር ጎንበስ አለች። «አሳሂ… ላሚሴፍ…»

«በይ አሁን ደግሞ የበሩን።»

«አሳሂ… ቴምፐርላይት።»

«እንግዲህ ሁለቱ አንድ አይደሉም ማለት ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የበሩ መስታወት በእሳት ግሎ በፍጥነት በአየር የቀዘቀዘ ነው፤ ሲሰበር ዝርግፍ ብሎ ጥራጥሬ ይሆናል። የፊቱ ግን ሁለት ስስ መስታወት ነው፣ መሐሉ አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ፕላስቲክ አለ። ቢሰነጠቅም ፕላስቲኩ ይይዘዋል፤ ስባሪው ፊታችሁ ላይ አይበተንም። መነሻውን ካነሣን፣ በ1903 እ.ኤ.አ. ኤዱዋር ቤኔዲክተስ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ከመደርደሪያ አንድ ብልቃጥ ወደቀበት። ተሰነጠቀ እንጂ አልተበተነም። ብልቃጡ ውስጥ የደረቀ የሴሉሎስ ናይትሬት ቅሪት ነበረና ስባሪውን እርስ በርሱ አያይዞታል። በ1909 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ቲቸርን ከነስንጥቁ መርካቶ ድረስ ያደረሳት መስታወት የዚያ ብልቃጥ ዘር ነው።

ወደ ሽማግሌው እንመለስ። ሦስት መስታወት አስወጡ። አንዱ ከተፈታ መኪና የወጣ ኦርጂናል ነው። ወደ ፀሐይ አዙረው ሲያሳዩዋት የዝናብ መጥረጊያው ለዓመታት የፋቀው መስመር ቅስት ሆኖ ታየ። «ማታ ከፊትሽ መኪና ሲመጣ መብራቱ እዚች ላይ ነው የሚበተነው» አሏት። ጠርዙም ወተት መስሏል፤ ፕላስቲኩ ከመስታወቱ መላቀቅ ጀምሯል ማለት ነው። ሁለተኛው አዲስ ኮፒ ነው፣ በጣም ርካሽ። ቲቸር አሁን ገብቷታል፤ በቀጥታ ጥጉን አየች። ምንም አልተጻፈበትም። «እንግዲህ አባቱን የማይናገር መስታወት» ብለው ሽማግሌው መለሱት።

ሦስተኛው የቻይና ነው። እዚህ ላይ የራሴን ልናገር፦ ቻይና ስለሆነ አይረባም የሚለውን ወሬ አልቀበልም። ፉያኦ የሚባለው የቻይና ፋብሪካ ለታላላቆቹ የመኪና ኩባንያዎች መስታወት ያቀርባል። ቁም ነገሩ ማኅተሙ ነው። ይኼኛው በክብ ውስጥ የላቲኗ «ኢ» ከነቁጥሯ፣ አጠገቧም 43 ቁጥር ከላቲኗ «አር» ጋር ነበረችበት፤ በዓለም አቀፉ የመኪና መስታወት ደንብ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። ሽማግሌው ግን በማኅተም ብቻ አላመኑም። ሁለት ልጆች አቆሙትና «በውስጡ ያንን የመብራት ምሰሶ እያየሽ ራስሽን ግራና ቀኝ አንቀሳቅሺ» አሏት። ምሰሶው ቢወላገድ መስታወቱ ዓይን ያደክማል፣ ርቀትም ያሳስታል። አልተወላገደም። ዋጋው ከኮፒው እጥፍ ነበር፤ ተከራክራ ትንሽ አስቀነሰች።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን ማጣበቂያው ነው። ከልጆቹ አንዱ ሲሊኮን ይዞ ቢመጣ ሽማግሌው ተቆጡ። «እሱን ለመታጠቢያ ቤት!» የመኪና መስታወት የሚያዘው በዩሬቴን ነው። መኪና ቢገለበጥ ጣሪያውን ከሚደግፉት አንዱ ይኼው መስታወት ነው፤ የጋቢናው ኤርባግ ሲነፋም በብዙ መኪኖች መስታወቱን ተደግፎ ነው።

አንዱ ልጅ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ሆነው በቀጭን ሽቦ የድሮውን ማጣበቂያ እየሳቡ ቆረጡ። ሽማግሌው የወጣው መስታወት ላይ ጎንበስ ብለው ቦሎውን በምላጭ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ከጥግ ጀምረው ላጡት። ጥጉ ትንሽ ተቀደደ እንጂ ቁጥሩ ተነበበ። የብረቱን ዝገት ፋቁ፣ ቀለም ቀቡ፣ አዲሱን አሳረፉ።

«አሁን ልሂድ ጋሼ?»

«የት? መኪናዋ እዚሁ ታድራለች። ነገም ስትነጂ አንዱን መስኮት በትንሹ ክፍት አድርጊ፤ በር ሲዘጋ አየሩ መስታወቱን እንዳይገፋው።»

ቲቸር በሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ቤቷ ገባች።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ። በመስታወቱ አናት ላይ፣ ከውስጥ ስፖኪዮው ኋላ ካሜራ ካለ፣ መስታወቱ ከተቀየረ በኋላ ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት። ይህን የሚሠራላችሁን ሰው ሳታገኙ አሮጌውን መስታወት አታስነቅሉ። ሶማሌ ተራም የምትወርዱ ጠዋት ውረዱ፤ መሸት ሲል የመስታወት ጭረት አይታይም።