ጎንበስ የማያሰኝ መከለያ
የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ መከለያ፤ አክሪሊክ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ በየባንኩና በየመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ መከለያ ቆመ። ትንፋሽን ሲያግድ ንግግርንም አፈነ። በተለይ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉ ስስ ድምፆች ይጠፋሉ፤ «ሠላሳ» እና «ስልሳ» ይምታታሉ። የመድኃኒት መጠን ሲነገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስንት እናቶች ወገባቸውን አጉብጠው በታችኛው የገንዘብ ማቀበያ ክፍተት ተናገሩ!

ይህኛው መከለያ ግን በአፍ ትክክል የተደራረቡ ሁለት ገጾች አሉት፤ በመካከላቸው ጥቂት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተትቷል። ድምፅ ጥጉን ዞሮ ያልፋል፤ ትልልቁ የምራቅ ፍንጣቂ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ገጹ ላይ ይቀራል።

ቀረብ ብለው ስምዎን ይናገሩ፤ ጎንበስ ማለት አያስፈልግዎትም።